የራስን ፍላይ ሮድ መሥራት፦ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ

ባለፈው ቅዳሜ ገና ሥራው ያለቀ የዓሣ ማጥመጃ ዘንጌን ይዤ ፒያሳ ቡና ልጠጣ ገብቼ ነበር። ዘንጉ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ከዚያ ወዲህ ስልኬ እረፍት የለውም፤ አንዱ ስለ ክሩ ይጠይቃል፣ አንዷ ስለ ሙጫው፣ ሌላው ደግሞ ከነጭራሹ ፍላይ ሮድ ምንድን ነው ይላል። ስለዚህ የጠየቃችሁኝን ሰብስቤ አንድ ላይ ልመልስ። እንደ አመጣጣቸው ነው የያዝኳቸው።

ጥ፦ ፍላይ ሮድ ከምናውቀው የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ በምን ይለያል?

መ፦ በምናውቀው ዘንግ የምንወረውረው ክሩ ላይ ለክብደት የታሰረውን እርሳስ ነው። ቀጭኑ ክር ዝም ብሎ ይከተለዋል። በፍላይ እርሳስ የለም። መንጠቆው ላይ ያለችው ከላባና ከክር የተሠራች፣ ነፍሳት ወይም ትንሽ ዓሣ የምትመስል ነገር ናት፤ ብቻዋን ብትወረውራት ሁለት ሜትርም አትሄድልህ። ስለዚህ የሚወረወረው ክሩ ራሱ ነው። ክሩ ወፍራምና ከበድ ያለ ነው፣ ዘንጉ ደግሞ ያንን ክብደት ተሸክሞ ጎብጦ እንዲመለስ ሆኖ ይሠራል።

ጥ፦ ለሞቃት ውሃ ስንት ቁጥር ልሥራ?

መ፦ ወንድሜ፣ ከዘንጉ አትጀምር። ከዓሣውና ከውሃው ጀምር። ብዙ ሰው ያገኘውን ዘንግ ገዝቶ በኋላ ዓሣ ሲፈልግለት ስላየሁ ነው እንዲህ የምለው። ለአዲስ አበባ ሰው ቅርቡ ሞቃት ውሃ ስምጥ ሸለቆ ነው። ዝዋይ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ላንጋኖ ትንሽ አለፍ ይላል። እዚያ የምታገኘው ቆሮሶ፣ ቢልጫና አምባዛ ነው።

ቁጥሩ የሚለካው በክሩ ክብደት ነው። የክሩ የመጀመሪያ 30 ጫማ፣ ማለትም 9 ሜትር ያህሉ ይመዘናል። 6 ቁጥር 10.4 ግራም፣ 7 ቁጥር 12 ግራም፣ 8 ቁጥር 13.6 ግራም ገደማ ይመዝናል። በወረቀት ላይ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ከሰዓት በኋላ ላንጋኖ ላይ ነፋሱ ሲነሳ ግን 6 ቁጥር ይዞ የቆመ ሰው ልዩነቱን ክንዱ ይነግረዋል። ለቆሮሶና ለቢልጫ በጠዋት 6 ይበቃል። ትልልቅ ላባ ለመወርወርና ለአምባዛ 8 ይሻላል። አንድ ብቻ ነው የምሠራው ካልክ 7 እልሃለሁ፣ ርዝመቱ 9 ጫማ፣ ማለትም 2.74 ሜትር። ጫሞ ወርደህ ናይል ፐርች የሚባለውን ትልቅ ዓሣ የምትመኝ ከሆነ ግን ሌላ ዘንግ ነው የሚያስፈልግህ፤ ከ10 ቁጥር በታች አታስብ።

ክሩንም ስትገዛ ለሞቃት አገር የተሠራውን ጠይቅ። ለቀዝቃዛ ውሃ የተሠራው በሙቀት ይልፈሰፈሳል፣ ዘንጉ ላይ ክሩ የሚያልፍባቸው ቀለበቶች ላይም ይጣበቃል።

ጥ፦ ካርቦን ወይስ ፋይበርግላስ?

መ፦ ለመጀመሪያ ሥራ እኔ ፋይበርግላስ እወዳለሁ። ከካርቦን ይከብዳል፣ ሲመለስም ዘገም ይላል። ግን በደንብ ይጎብጣል፣ ስህተት ይችላል፣ ትንሽ ቆሮሶ እንኳ ስትይዝ እጅህ ድረስ ይሰማሃል። ለነፋስና ለርቀት ካርቦን ይበልጣል። አደራ የምለው ግን ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። መብረቅ ሲጀምር ዘንጉን ጥለህ ከውሃው ዳር ራቅ፣ ከመብራት መስመር ሥርም አትወርውር።

ጥ፦ ዕቃው አዲስ አበባ ይገኛል?

መ፦ ባዶውን ዘንግ (ገና ምንም ያልተገጠመበትን)፣ ቀለበቶቹንና የሪል፣ ማለትም የክር መጠቅለያው፣ መቀመጫውን ሁልጊዜ ከውጭ በሚመጣ ሰው ነው የማስመጣው። ባለ አራት ቁራጭ ይሁን። አንዱ ቁራጭ 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚሆን ሻንጣ ውስጥ ይገባል፣ ዝዋይ ስትሄድም ሚኒባስ ውስጥ ማንንም አያስቸግርም። የቀረውን መርካቶ ዞር ዞር ብለህ ታገኘዋለህ፦ ሞረድ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ምላጭ። ለማስቀመጫ የቧንቧ ዕቃ ሱቅ ሄደህ ፒቪሲ ቱቦ አስቆርጥ፤ ከብዙ ውድ ቦርሳ ይሻላል።

ጥ፦ እኔ የሐበሻ ልብስ ጥልፍ ነው ሥራዬ። ቀለበቱ የሚታሰርበት ክር የእኛው የጥልፍ ክር ይሆናል?

መ፦ እህቴ፣ ይሄን ጥያቄ ወደድኩት። ይሆናል፣ እኔም ሠርቼበታለሁ። የሚያብረቀርቀውን፣ ለማሽን ጥልፍ የሚሆነውን ቀጭን ክር ምረጪ። ተራው የልብስ ስፌት ክር ፀጉር ፀጉር አለው፤ ኢፖክሲው፣ ማለትም ከሁለት ጠርሙስ ተደባልቆ ክሩ ላይ የሚቀባው ሙጫ፣ ሲቀባ ያ ሁሉ ይቆምና ዘንጉ ጢም ያወጣል። ሌላው ነገር ቀለሙ ነው። ኢፖክሲ ሲነካው ክሩ ይጠቁራል፣ አንዳንዱም ብርሃን ያሳልፋል። ደማቁ ቢጫ ወደ ቡኒ ሊሄድብሽ ይችላል። መጀመሪያ የመጻፊያ እርሳስ ላይ ጠምጥመሽ፣ ቀብተሽ እዪው።

አጠማጠሙን በተመለከተ ማሽን አያስፈልግም። ካርቶን ሁለት ቦታ በ«ቪ» ቅርጽ ቁረጪና ዘንጉን አስተኚበት። የክሩን ጥቅልል ስኒ ውስጥ አድርጊው፣ ክሩ በወፍራም መጽሐፍ ገጾች መሀል አልፎ ይምጣ። መጽሐፉ ክሩን ይወጥርልሻል። በጣም አይወጠር። ጠምጥመሽ ስትጨርሺ ቀለበቱ በጣት ሲገፋ ትንሽ መንቀሳቀስ አለበት፣ ምክንያቱም ሁሉንም በአንድ መስመር የምታስተካክዪው ያን ጊዜ ነው። የቀለበቱን እግር ጫፍም አስቀድመሽ በሞረድ አሳሺው፤ ካልሆነ ክሩ እግሩ ላይ ሲወጣ ክፍተት ይተዋል፣ ስለቱም ዘንጉን ይጎዳል። ለመቋጨት ሊያልቅ አምስት ስድስት ዙር ሲቀር የታጠፈ ክር አብረሽ ጠምጥሚ። ጫፉን በእጥፋቱ አሾልከሽ ወደ ውስጥ ሳቢው። እጅሽ ጥልፍ የለመደ ስለሆነ ከእኔ ቶሎ ትጨርሺያለሽ።

ጥ፦ ቀለበቶቹ የሚቀመጡበትን ርቀት ከየት አመጣኸው? ሰንጠረዥ አለው?

መ፦ ሰንጠረዥ አለ፣ መነሻ ይሆናል። ለ9 ጫማ ዘንግ የመጀመሪያው ትልቅ ቀለበት ከሥሩ ከ71 እስከ 79 ሴንቲ ሜትር ላይ ይውላል፣ ጫፉ አካባቢ ደግሞ ከጫፍ ቀለበቱ 10 ወይም 12 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብለህ ትጀምርና ወደ ሥር ስትመጣ እያሰፋህ ትሄዳለህ። ግን ሰንጠረዡን የሠራው ሰው የአንተን ዘንግ አላየውም። እኔ የመጀመሪያ ዘንጌን በሰንጠረዥ ብቻ ሠርቼ መሀሉ ላይ ክሩ ዘንጉን እየታከከ አስቸገረኝ፣ ሁለት ቀለበት ፈትቼ እንደገና አሰርኩ። አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ቀለበቶቹን በቀጭን ፕላስተር ብቻ እለጥፋለሁ። ክር አሳልፌ ጫፉን የበር እጀታ ላይ አስራለሁ፣ ከዚያ ዘንጉን ቀስ ብዬ አጎብጣለሁ። ሌላ ሰው ከጎን ሆኖ ያያል። ክሩ የዘንጉን ጉብጠት ተከትሎ መሄድ አለበት። የሆነ ቦታ ላይ እንደ ቀስት ገመድ አቋርጦ ከሄደ እዚያ ቀለበቶቹ ተራርቀዋል ማለት ነው፣ ታቀራርባለህ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ስታጎብጥ ግን ዘንጉን ቀጥ አድርገህ ወደ ላይ አታንሳ፤ ጉልበቱ ሁሉ ጫፉ ላይ ያርፍና ይሰበራል። ዓሣ ይዘህም እንደዚያው ነው።

ጥ፦ ኢፖክሲው ተበላሸብኝ። ደመና ሠራ፣ አንድ ወገን ላይም ተንጠባጠበ። መብራትም ሄዶ ነበር።

መ፦ አይዞህ፣ ሁሉም ሰው ጋ ይደርሳል። ደመናው ክረምት ስለሠራህ ይሆናል። የእኛ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፎ ነው፣ ማታ ይበርዳል፣ በክረምት ደግሞ አየሩ እርጥብ ነው፤ ኢፖክሲ ሁለቱንም አይወድም። ሁለቱን ጠርሙስ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትንሽ አቆያቸው፣ ውሃ ጠብ እንዳይልባቸው ብቻ ተጠንቀቅ። እኩል እኩል ለክተህ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቀስ ብለህ አማስል። ከዚያ ፎይል ላይ ዘርጋው፤ አረፋው ይወጣል፣ ቶሎም አይደርቅብህም። አንድ ወፍራም ቅብ ከምትቀባ ሁለት ስስ ቅብ ይሻላል። ከፋርማሲ በተገዛ ስሪንጅ የምትለኩ ሰዎች ደግሞ፣ ውስጡ ለማንሸራተት የተቀባው ሲሊኮን ኢፖክሲው ላይ ጉድጓድ ጉድጓድ ያወጣልና አስቀድማችሁ በአልኮል እጠቡት።

መንጠባጠቡ ስላልዞረ ነው። ቢያንስ አራት ሰዓት ያህል ዘንጉ መዞር አለበት። እኔ ከተበላሸ ማይክሮዌቭ ሳህን ማዞሪያ ሞተር አስወጥቼ እጠቀማለሁ፤ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና የሚሠሩ ሰዎች ጋ አይጠፋም። በደቂቃ ጥቂት ዙር ብቻ ነው የሚዞረው፣ ልክ የሚያስፈልገንን ያህል። መብራት ከሄደ ግን ተስፋ አትቁረጥ፤ በየአምስት ደቂቃው በእጅህ ግማሽ ዙር አዙረው። አንድ ምሽት ከጓደኛዬ ጋር ሻማ አብርተን እየተቀባበልን አዙረነዋል፣ ያ ዘንግ ዛሬም በጣም የምወደው ነው።

ጥ፦ መያዣው ቡሽ መሆን አለበት?

መ፦ የግድ አይደለም፣ ግን ቡሽ ቀላል ነው፣ እርጥብ እጅም ላይ አያዳልጥም። የወይን ጠጅ ጠርሙስ ቡሽ ሰብስበህ መሀሉን በድሪል በስተህ በኮላ ማያያዝ ትችላለህ። ወፍራምነቱ 24 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለ5 እና ለ6 ቁጥር ዘንግ፣ ለትንሽ እጅም በቂ ነው። ከተፈጨ ቡሽ የተጋገረውን ተወው፣ ይከብዳል። ለ7 እና ከዚያ በላይ ፊት ለፊቱ ወጣ ያለ፣ አውራ ጣትህ የሚገፋበት ቅርጽ አውጣለት። እዚህ ላይ ጊዜ አጥፋ። ብርጭቆ ወረቀቱን ትንሽ ታሸዋለህ፣ ትጨብጠዋለህ፣ እንደገና ታሸዋለህ። ራሴ ልሥራ ያልኩትም ለዚህ ነው፤ ሱቅ ያለው መያዣ የማንም እጅ ነው።

ጥ፦ ልጄ፣ ቀርከሃ ሞልቶን ሳለ ለምን ከውጭ ታስመጣላችሁ?

መ፦ አባቴ፣ ልክ ነዎት፣ ድሮ ፍላይ ሮድ የሚሠራው ከቀርከሃ ነበር። ግን ዝም ብሎ ከተቆረጠው አይደለም። ደቡብ ቻይና የሚበቅል ቶንኪን የሚባል ቀርከሃ ይሰነጠቃል፣ ስድስት ባለ ሦስት ማዕዘን ጥብጣብ ሆኖ ይላግና ተመልሶ ይጣበቃል። ጥንካሬው ቆዳው ሥር ባለው ቃጫ ላይ ነው። ለጀማሪ ከባድ ሥራ ነው። የእኛ የቆላው፣ ሽመል የምንለው፣ ውስጡ ድፍን ነው፤ የደጋው ባዶ ነው። ሽመሉን ወስደው ጫፉ ላይ ክርና መንጠቆ ቢያስሩ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ቁጭ ብለው ደስ የሚል ቀን ያሳልፉበታል።

ጥ፦ ከተማ ውስጥ የት ልለማመድ?

መ፦ ጃን ሜዳ፣ በጠዋት። መንጠቆ አትሰር፣ ቀይ የሱፍ ክር ቁራጭ እሰርበት። ከኋላህ ማን እንዳለ ሁልጊዜ እይ።

ጥ፦ ውሃ ውስጥ ገብቼ ማጥመድ እችላለሁ?

መ፦ ዝዋይና ሐዋሳ ላይ ብልሃርዚያ አለ፣ በባዶ እግር አትግባ። ጫሞ ላይ አዞና ጉማሬ ስላለ ከጀልባ አትውረድ። የሐይቁ ከፊል ነጭ ሳር ፓርክ ውስጥ ነው፤ ፓርኩን ሳትጠይቅ አትጀምር።

ጥ፦ የዘንጉ ቁራጮች ተጣብቀው እምቢ አሉኝ፣ ምን ላድርግ?

መ፦ አትጠምዝዘው፣ ይሰነጠቃል። ሌላ ሰው ጥራ። ሁለታችሁም አንድ አንድ እጅ ከመጋጠሚያው በላይ፣ አንድ አንድ እጅ ከታች አድርጉና እኩል ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት፤ ይወጣል። ለሚቀጥለው ጊዜ የሚገባውን ጫፍ በተራ ነጭ ሻማ አሸት አድርገው። ጧፍ አይሁን፣ የንብ ሰም ይጣበቃል።