ቀረፋን ለመመርመር የግድ መርዝ ያስፈልጋል እንዴ?

ስለ ቀረፋ የደረሱን ጥያቄዎች ስለበዙ በዚህ እትም ሌላውን ሁሉ ወደ ጎን ብለን ለእነሱ ቦታ ሰጥተናል። የመጀመሪያው ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል። ኬሚስትሪ የማይጥማችሁ ወደ ሁለተኛው ዝለሉ፣ አልቀየምም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ሥራዬ ገበያ ላይ የሚሸጥ ቀረፋ ውስጥ ያለውን የኩማሪን (ሲበዛ ጉበት የሚጎዳው) እና የሲናማልዴሃይድ (የቀረፋን ሽታና ጣዕም የሚሰጠው) መጠን በኤችፒኤልሲ፣ ማለትም የተደባለቁ ንጥረ ነገሮችን በፈሳሽ እየገፋ ለያይቶ በሚለካው ማሽን፣ ልለካ አስቤያለሁ። ያገኘሁት ዘዴ ሁሉ ማለት ይቻላል አሴቶናይትራይል ወይም ሜታኖል የሚባሉትን መርዛማ አሟሚዎች ተጠቀሚ ነው የሚለው። አሴቶናይትራይል እኛ ጋ ካለቀ ቆይቷል፤ ከውጭ ለማዘዝ ዶላር ይጠበቃል። አማካሪዬ «በኢታኖል (በአልኮል) ለምን አትሞክሪውም? ለአካባቢም ይሻላል» አሉኝ። የምር ይሠራል ወይስ ሲቸግር የመጣ ሐሳብ ነው? (ግራ የገባት፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሲቸግር የመጣም ቢሆን ጥሩ ሐሳብ ነው። ለቀረፋ በተለይ ኢታኖል በደንብ ይሠራል። ምክንያቱን ግን አውቀሽ ግቢ፤ ፈታኞችሽ የሚያፋጥጡሽ በእሱ ነው።

አሴቶናይትራይል የተወደደው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ እስከ 190 ናኖሜትር ድረስ አልትራቫዮሌት ብርሃን ያሳልፋል፤ መሣሪያው ናሙናውን ሲያይ አሟሚው አይጋርድበትም። ኢታኖል ከ210 በታች ይጋርዳል። ሁለተኛ፣ ቀጭን ፈሳሽ ስለሆነ ፓምፑን አያስጨንቅም። አሁን ወደ ቀረፋ እንምጣ። ኩማሪን ብርሃን በደንብ የሚውጠው 275 እና 280 ናኖሜትር አካባቢ ነው፤ ሲናማልዴሃይድ ደግሞ 290 አካባቢ። 280 ላይ ብትቆሚ ሁለቱንም ታያቸዋለሽ። ታዲያ እስከ 190 መውረድ መቻሉ ለአንቺ ምን ይጠቅማል? ምንም። ለማትጠቀሚበት ነገር ነው ዶላር የሚጠበቀው።

የሚቀረው ግፊቱ ነው፤ እሱ እውነተኛ ችግር ነው። ኢታኖልና ውሃ ሲቀላቀሉ ድብልቁ ለብቻው ካለው ኢታኖልም ሆነ ውሃ ይበልጥ ይወፍራል። ፓምፑ ይጮህብሻል። መፍትሔው ኮለሙን (ንጥረ ነገሮቹ የሚለያዩበትን ቱቦ) ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ማሞቅ፣ ፍጥነቱን መቀነስና አጠር ያለ ኮለም መጠቀም ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ የተለመደው 4.6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ኮለም በደቂቃ 1 ሚሊ ሊትር ይጠጣል፤ ሌት ተቀን ቢሠራ በቀን 1.44 ሊትር ማለት ነው። ወደ 2.1 ሚሊ ሜትር ብትወርጂ ለተመሳሳይ ሥራ አንድ አምስተኛው ይበቃል። ግን ማሽናችሁ የቆየ ከሆነ፣ ብዙ ቦታ እንደዚያ ነው፣ በውስጡ ያሉት ቱቦዎች ለዚያ ስለሚሰፉ ፒኮችሽ (እያንዳንዱ ንጥረ ነገር ውጤቱ ላይ የሚያወጣው ጉብታ) ተንሰራፍተው እርስ በርስ ይደባለቃሉ። 3 ሚሊ ሜትር ያለውን ካገኘሽ እሱ አስታራቂ ነው፤ ከግማሽ በላይ ታተርፊያለሽ፣ ማሽኑም አያማርርም።

ከማሽኑ በፊት ያለውን ሥራ አትርሺ፤ ብዙው አሟሚ የሚባክነው እዚያ ነው። ሶክስሌት በሚባለው ዱቄቱን ደጋግሞ በሚያጥብ የብርጭቆ ዕቃ ሄክሴን የሚባለውን አሟሚ ለሰዓታት ማፍላት የድሮ ልማድ ነው። ግማሽ ግራም ያህል ዱቄት፣ ጥቂት ሚሊ ሊትር ኢታኖል ከውሃ ጋር፣ አልትራሳውንድ ባኛ (በድምፅ ሞገድ የሚያንቀጠቅጥ ገንዳ) ውስጥ ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያ ማጣራት። ውሃውን ግን አታብዢው። ካሲያ የሚባለው የወፍራም ልጥ ቀረፋ ዱቄት ውሃ ሲበዛበት ይዝለገለግና ማጣሪያሽን ይደፍነዋል፤ ከመቶ 70 ወይም 80 ኢታኖል ሆኖ ቢጀመር ይሻላል። ሁሉም መውጣቱን ለማወቅ ያንኑ ዱቄት እንደገና በአዲስ አሟሚ እጠቢውና ለኪው። ሁለተኛው ላይ እዚህ ግባ የማይባል ነገር ከመጣ ጨርሰሻል። ብዙ ከመጣ ጊዜውን ወይም አሟሚውን ጨምሪ። ደግሞ ቀረፋውን ቀድመሽ ፈጭተሽ አታስቀምጪው። ሲናማልዴሃይድ ይተናል፤ አየር ሲያገኘውም ወደ ሲናሚክ አሲድ ይለወጣል። ከዚያ የምትለኪው ቀረፋውን ሳይሆን የመደርደሪያ ቆይታውን ነው።

ኢታኖሉ ከየት ይመጣል ካልሽ፣ ፊንጫና መተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ከሞላሰስ ያወጡታል፤ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮም ከቤንዚን ጋር ሲደባለቅ ነበር። ለመኪና የተሠራው እንዳለ ኤችፒኤልሲ ውስጥ አይገባም፤ እንደገና ተጣርቶና ተነጥሮ፣ ከዚያ ናሙና የሌለበት ባዶ ሩጫ ተሮጦ 280 አካባቢ ምንም አለመታየቱ ተረጋግጦ ነው። ፋርማሲ የሚሸጠው አልኮል ውስጥም ሌላ ነገር ሊጨመርበት ስለሚችል በእሱ አትጀምሪ።

አሴቶናይትራይል ላይ መንጠልጠል የሰው እጅ መጠበቅ እንደሆነ ያሳየ አጋጣሚ አለ። እሱ ራሱን ችሎ የሚመረት ሳይሆን ለፕላስቲክና ለሰው ሠራሽ ክር የሚሆን አክሪሎናይትራይል ሲሠራ በጎን የሚወጣ ተረፈ ምርት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ የዓለም ኢኮኖሚ ሲንኮታኮት፣ መኪናና ፕላስቲክ ገዢ ሲያጣ፣ እሱም አብሮ ጠፋ። ሀብታም የሚባሉት አገሮች ላብራቶሪዎች ሳይቀሩ ያኔ ነው ስለ ኢታኖል በቁም ነገር ማውራት የጀመሩት። ስለዚህ ብቻሽን አይደለሽም።

ለውጤቱ ማሳያ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣውን አግሪ የሚባለውን መለኪያ ተጠቀሚ። እንደ ሰዓት የተከፋፈለ ክብ ነው፤ 12ቱን የአረንጓዴ ትንተና (አካባቢንና ሰውን የማይጎዳ ምርመራ) መርሆች አንድ በአንድ እያየ ከ0 እስከ 1 ነጥብ ይሰጣል። ስትሞይው ታማኝ ሁኚ። ኢታኖል ተጠቅመሽ ለአንድ ናሙና 40 ደቂቃ ማሽን የምታስሮጪ ከሆነ አረንጓዴነቱ በወረቀት ላይ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ጀርመን ነው። የ4 ዓመት ልጄ ገንፎውም ላይ፣ ወተቱም ላይ ቀረፋ ካልተነሰነሰ አይበላም። እዚህ «ኩማሪን ጉበት ይጎዳል» ሲሉ ሰማሁ። እኛ እኮ ከልጅነታችን ሻይ በቀረፋ ጠጥተን ነው ያደግነው! ልፍራ ወይስ ልተወው? (እናት፣ ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ አትሸበሪ እህቴ፣ ግን ዱቄቱን ለኪው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ያስቀመጠው መጠን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት በቀን 0.1 ሚሊ ግራም ኩማሪን ነው። ልጅሽ 15 ኪሎ ቢሆን 1.5 ሚሊ ግራም ማለት ነው። የጀርመኑ የፌዴራል የአደጋ ግምገማ ተቋም የካሲያን አማካይ በኪሎ ወደ 3,000 ሚሊ ግራም አድርጎ ነው የሚያሰላው፤ በግራም 3 መሆኑ ነው። ስለዚህ ግማሽ ግራም የካሲያ ዱቄት የልጅሽን የቀን ኮታ ይሞላዋል። ያ ብዙ አይደለም፣ በሻይ ማንኪያ ጫፍ የሚነሳ ነው። 60 ኪሎ ለምትመዝን ሴት ግን 2 ግራም ይሆናል።

ይህ ልክ ዕድሜ ልክ በየቀኑ ለሚወስድ ሰው የተሰላ ነው። አንድ ቀን ቢያልፍ የሚደርስ ነገር የለም። የኛ ሻይም ከዚህ ይለያል፤ እንጨቱ ይፈላል፣ ከዚያ ይወጣል፣ ኩማሪኑም ሁሉም ውሃው ውስጥ አይገባም። ዱቄት ስትነሰንሺ ግን ሁሉንም ነው የሚበላው። በየቀኑ ከሆነ የስሪላንካውን፣ ሲሎን የሚባለውን፣ ግዢለት። እሱ ውስጥ ያለው ኩማሪን እጅግ ጥቂት ነው፤ ከካሲያው ጋር ለንጽጽር አይቀርብም። ልጁ የጉበት ችግር ካለበት ግን ጨዋታው ሌላ ነው፤ ሐኪሙን አማክሪ።

ጥያቄ፦ መርካቶ ቅመማ ቅመም እነግዳለሁ። ተፈጭቶ የሚመጣልኝ ቀረፋ የትኛው እንደሆነ፣ ምን እንደተቀላቀለበት አላውቅም። ላብራቶሪ ሳልሄድ፣ ኬሚካል ሳልገዛ የማውቅበት መላ አለ? (ነጋዴው)

መልስ፦ ጋሼ፣ የመጀመሪያው መላ ሳይፈጭ መግዛት ነው። ሲሎኑ ስስ ነው፤ ብዙ ንብርብር ሆኖ እንደ ሲጋራ ይጠቀለላል፣ በጣት ሲጫኑት ይሰባበራል። ካሲያው ወፍራም ነው፣ አንድ ልጥ ብቻ ነው፣ ጠንካራ ነው። ከተፈጨ በኋላ ግን በዓይን እለያለሁ የሚልዎትን አይመኑ።

ለተፈጨው የቆየ ዘዴ አለ። ትንሽ ዱቄት በውሃ ያፍሉ፣ ያጥሩት፣ ሲቀዘቅዝ አንድ ሁለት ጠብታ የአዮዲን ቲንክቸር ይጨምሩበት። ካሲያ ስታርች ስለሚበዛው ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይሄዳል፤ ሲሎኑ ብዙም አይለወጥም። ሲሎን ነው ተብሎ የተሸጠልዎት ከጠቆረ ወይ ካሲያ ነው፣ ወይ ዱቄት ነገር ተጨምሮበታል። የትኛው እንደሆነ አይነግርዎትም። ለመጠርጠር ይበቃል፣ ለመክሰስ አይበቃም።

ከዚያ በላይ ከፈለጉ በኢንፍራሬድ ብርሃን የሚሠራ መሣሪያ አለ። ዱቄቱን እንዳለ ያበሩበታል፣ በሰከንዶች ይነግርዎታል፣ አንድ ጠብታ አሟሚ አይፈልግም። ሲያስተዋውቁት የሚዘሉት ነገር ግን አለ፦ መሣሪያው ብዙ ናሙናዎች በዋናው የላብራቶሪ ዘዴ ተለክተው ካልተማረባቸው በራሱ ምንም አያውቅም። ሌላ አገር የተማረውን አምጥተው እዚህ ገበያ ላይ ቢያውሉት ሊሳሳት ይችላል። ብቻዎን ከሚገዙት በማኅበር ሆናችሁ፣ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተነጋግራችሁ ብታደርጉት ያዋጣል ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ልጆች የሚበሉት ነገር ውስጥ እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ያለበት ቀረፋ ተገኘ ተብሎ ነበር። እናንተ የምታወሩት አረንጓዴ ምርመራ እሱንም ያያል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ አያይም። ኤችፒኤልሲ ላይ ሲናማልዴሃይዱ ሸጋ ሆኖ ይታይሻል፣ ቀረፋው ግን በእርሳስ የተሞላ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 እርሳስ በተገኘበት የልጆች የፖም ፍጭት ውስጥ የገባው ቀረፋ ኢኳዶር ውስጥ የተፈጨ ነበር፤ የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የለካው እርሳስ ከ2,000 ፒፒኤም (በአንድ ኪሎ 2,000 ሚሊ ግራም) በላይ ነው። አብሮት ክሮሚየምም ስለተገኘ ሊድ ክሮሜት የሚባለው ቢጫ ቀለም ሆን ተብሎ ሳይጨመርበት አልቀረም ተብሎ ተጠርጥሯል።

ያን ያህሉን በእጅ የሚያዝ የኤክስሬይ መሣሪያ ያለ አሲድ፣ ያለ አሟሚ፣ ወዲያው ይይዘዋል። ለእንዲህ ያለው ነውር ከዚህ የተሻለ ንጹሕ ዘዴ የለም። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ የወጣባቸው የቀረፋ ዱቄቶች ግን ከ2 እስከ 3.4 ፒፒኤም ነበር ያላቸው። እዚያ ደረጃ ላይ የእጁ መሣሪያ ይወላውላል። ናሙናው በናይትሪክ አሲድ ሟሙቶ አይሲፒ-ኤምኤስ በሚባለው፣ ብረታ ብረትን በጣም ጥቂት ቢሆንም በሚያይ ማሽን መለካት አለበት። አሲዱ አረንጓዴ አይደለም፤ ይሁን። በተዘጋ ዕቃ፣ በማይክሮዌቭ፣ በጥቂት ሚሊ ሊትር ይሠራና ያበቃል። የልጅ አእምሮ ላይ አሲድ አይቆጠብም።

ጥያቄ፦ ለሁለት ማንኪያ አሟሚ ይህን ያህል መጨነቅ የፈረንጅ ፋሽን አይደለም? ፋብሪካው ወንዙን እየበከለ! (ተጠራጣሪው)

መልስ፦ ፋብሪካውም ይጠየቅ። ግን ሁለት ማንኪያ አይደለም፤ ከላይ ያለውን 1.44 ሊትር በማሽን ቁጥርና በቀን አባዛው። ያገለገለውን አሟሚ ወስዶ የሚያቃጥልለት ድርጅት የሌለው ላብራቶሪ ደግሞ ወይ ጀሪካን እየሞላ ጥግ ያስቀምጣል፣ ወይ ወደ ማጠቢያው ያፈሰዋል። ከወንዙም በፊት የሚጎዳ ሰው አለ፤ ቴክኒሺያኑ ነው። ሄክሴን ለረጅም ጊዜ ሲተነፍሱት የእጅና የእግር ነርቭ ያደነዝዛል። አሴቶናይትራይል ሰውነት ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ሳያናይድ ይለወጣል። የጭስ መሳቢያው በማይሠራበት ክፍል መስኮት ከፍቶ የሚውል ልጅ ስታይ ፋሽን አትለውም።

ፋሽን የሆነም አለ፣ አልክድም። ከስኳርና ከኮሊን ክሎራይድ የሚሠሩ «ተፈጥሯዊ» አሟሚዎች በየጥናቱ ይሞገሳሉ፤ አንዳንዶቹ ከማር ይወፍራሉ፣ አይተኑም፣ ከውስጣቸው የፈለጉትን መልሶ ማውጣት ፈተና ነው። ግፊት ያለበት ካርቦንዳይኦክሳይድ ደግሞ ከ31 ዲግሪና ከ74 ባር በላይ ሲሆን የቀረፋን ዘይት ጥርግ አድርጎ ያወጣል፣ ሲለቁት ይተናል፣ ምንም አይቀርም። ሸጋ ነው። ዋጋው ግን የትኛውም የኛ ዲፓርትመንት በቀላሉ የሚሸፍነው አይደለም፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ዝም ይላል።

ጥያቄ፦ ቴፒ አካባቢ ጥቂት የቀረፋ ዛፎች አሉኝ። ልጡን እንሸጣለን፣ ቅጠሉን እንጥላለን። ቅጠሉ ዋጋ አለው? (ገበሬ)

መልስ፦ የሲሎኑ ዓይነት ከሆነ አለው። የልጡ ዘይት በአብዛኛው ሲናማልዴሃይድ ሲሆን የቅጠሉ ግን በአብዛኛው ዩጂኖል ነው። ቅርንፉድን ቅርንፉድ የሚያሸተው እሱ ነው፤ ቅጠሉን ጨምቀው ቢያሸቱት ራስዎ ይለዩታል። ለማውጣት ውሃና እሳት ይበቃል፤ ቅጠሉ ይፈላል፣ እንፋሎቱ ይቀዘቅዛል፣ ዘይቱ ከውሃው ይለያል። ለገዢ ከማቅረብዎ በፊት አንድ ናሙና ያስመርምሩና የዩጂኖሉን መጠን የሚገልጽ ወረቀት ይያዙ፤ ዋጋ የሚቆረጠው በእሱ ነው። ዘይቱን ሲያስቀምጡ በጥቁር ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልተው ይሁን፤ ፕላስቲክ ውስጥ አይጨምሩት፣ ፕላስቲኩን ይበላዋል።