31 ዓመት ለፕሮዲውሰር ገና ነው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። «31 ዓመቴ ነው፣ ስድስት ዓመት ቢት ስሠራ ቆየሁ፣ አሁን የ19 ዓመት ልጆች ጥለውኝ ሄዱ፤ እነ ኩዊንሲ ጆንስ እንዴት ያን ሁሉ ዘመን ቆዩ? እኔስ ልተወው?» ነው ያልከው። እኔ በቅንብርና በዜማ ሥራ ከ20 ዓመት በላይ ኖሬያለሁ። ፕሮዲውሰር ስል ገንዘብ የሚያወጣውን ማለቴ አይደለም፤ ዘፈኑን ከባዶ አንስቶ እስኪያልቅ የሚመራውን ነው። ዓመቶቹንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

አትተወው።

ኩዊንሲን ራስህ አንስተኸዋልና ከሱ ልጀምር። ብዙ ሰው የሚያውቀው ፕሮዲውሰር ሆኖ በሠራቸው የማይክል ጃክሰን አልበሞች ነው። ትሪለር በ1982 ሲወጣ ሰውየው 49 ዓመቱ ነበር። በዓለም ላይ በሽያጭ የሚስተካከለው ያልተገኘለትን አልበም የሠራው ሃምሳን ሊደፍን ሲል ነው። አንተ እዛ ዕድሜ ለመድረስ 18 ዓመት ይቀርሃል።

እኔን ግን ይበልጥ የሚገርመኝ ከዛ በፊት ያለው ነው። በወጣትነቱ በጃዝ ሙዚቀኛው በሊዮኔል ሃምፕተን ባንድ ውስጥ ትራምፔት ይነፋ ነበር። በ1957፣ ለትልልቅ ሙዚቀኞች ቅንብር መጻፍ ከጀመረ በኋላ፣ ፓሪስ ሄዶ ናዲያ ቡላንዤ የምትባል ስመ ጥር የሙዚቃ መምህርት ዘንድ ተማሪ ሆኖ ተቀመጠ። ከዛ የራሱን ትልቅ ባንድ ይዞ አውሮፓን ሲዞር ዕዳ ውስጥ ገባ፤ ሙዚቃው ጥሩ ነበር፣ ሂሳቡ ነው ያልሰራው። ስለዚህ የሙዚቃ ኩባንያ ውስጥ ተቀጠረ። የጃዝ ሰው ሆኖ ሳለ በ1963 ሌስሊ ጎር ለምትባል ወጣት ዘፋኝ የአፍላ ወጣቶች ፖፕ ሠራ፤ ዘፈኑም አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ወጣ። በጎን የፊልም ሙዚቃ ያዘ። በ1974 አንጎሉ ውስጥ ደም ስር ፈንድቶ ሁለቴ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ከዛ በኋላ ትራምፔት መንፋት ተከለከለ። ያሳደገውን መሣሪያ ተነጠቀ ማለት ነው! ከማይክል ጋር የሠራቸው አልበሞች በሙሉ የመጡት ከዚህ በኋላ ነው።

ልብ በል፣ ሰውየው አንድ «ሳውንድ» ይዞ አልቆየም። ጆሮውን ይዞ ነው የቆየው። እኔ ይሄን የተማርኩት ተጎድቼ ነው። ሥራ በጀመርኩ በአምስተኛው ዓመት የኔ የሚባል የብራስ፣ ማለትም የእነ ትራምፔት ዓይነት፣ ድምፅ ነበረኝ። በኪቦርድ ነው የምሠራው፣ ሁሉም ዘፋኝ «እሷን ነገር አድርግልኝ» ይለኛል። እኔም ሁሉም ዘፈን ውስጥ እከተዋለሁ። ከዛ ሰው ሰለቸው። ለዓመት ተኩል ያህል ስልኬ ጭጭ አለ። ያኔ ልክ አንተ አሁን የምትለውን እል ነበር፤ ልጆቹ ቀደሙኝ፣ ዘመኔ አለፈ። ያለፈው ግን ያ የብራስ ድምፅ ነበር፣ እኔ ሙያዬን ገና በቅጡ አልጀመርኩትም።

የቀየረኝ አንድ ሌሊት ነው። አንዲት ዘፋኝ አዝማቹ ላይ አራት ሰዓት ሙሉ ተቸገረች። ድምጿ ከፍ ሲል ይጨነቃል፣ ቃላቱ ይዋጣሉ፣ እኔ ደግሞ ድክመቱን ልሸፍን ብዬ ትራክ በትራክ ላይ እደርባለሁ፤ ከአርባ በላይ ደርሰው ነበር። በመጨረሻ ደከማትና ሄድፎኑን አንገቷ ላይ አውርዳ፣ ማይኩ ክፍት መሆኑን ረስታ፣ ለራሷ ማንጎራጎር ጀመረች። ያንኑ አዝማች፣ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ቀስ ብላ። ጸጉሬ ቆመ። ወዲያው የዘፈኑን ቁልፍ፣ ማለትም የድምፁን ከፍታ፣ አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ አደረግኩት፣ ከፒያኖና ከቤዝ በስተቀር ሁሉንም ዘጋሁት፣ መብራቱንም ቀነስኩላት። ሦስተኛው ቅጂ ላይ አለቀ። አድማጭ ጋ የደረሰው እሱ ቅጂ ነው፣ ከሞላ ጎደል እንዳለ። ከዛ ቀን ጀምሮ ስቱዲዮ ስገባ መጀመሪያ የማደርገው ዘፋኙ ያለ ምንም ሙዚቃ እንዲያንጎራጉርልኝ መጠየቅ ነው። ይሄን ሥራ የ19 ዓመት ልጅ ከኢንተርኔት አያወርደውም።

ሌላው፣ ኩዊንሲ ሁሉንም ብቻውን አልሠራም። ሮድ ቴምፐርተን የሚባል ዜማና ግጥም ደራሲ፣ ብሩስ ስዌዲን የሚባል የድምፅ ባለሙያ አጠገቡ ነበሩ። «ትሪለር» የሚለው ዘፈን መጀመሪያ ርዕሱ «ስታርላይት» ነበር። ቴምፐርተን ራሱ ጥሎት ሌላ ቃል ፈለገ። የጻፍከውን አዝማች እንደ ልጅህ አትቀፈው፤ ዜማው ደህና ሆኖ ቃሉ የሚገድለው ዘፈን ብዙ ነው። በ1985 ለኢትዮጵያ ረሃብ የተዘፈነው «ዊ አር ዘ ወርልድ» ሲቀረጽም ያን ሁሉ ኮከብ በአንድ ሌሊት የመራው ኩዊንሲ ነው። በሩ ላይ ኩራታችሁን እዚህ ተዉት የሚል ጽሑፍ ለጥፎ ነበር። ሰው መያዝ ከሙያው ግማሹ ነው፣ በጣም የምናቃልለውም እሱን ነው።

ኩዊንሲ ለየት ያለ ነው ካልከኝ ጊታሪስትና ፕሮዲውሰር የሆነውን ናይል ሮጀርስን እይ። ዲስኮ ተጠላ ሲባል ሺክ ከሚባለው የዲስኮ ባንዱ ጋር አበቃለት ተብሎ ነበር። በ1983 የዴቪድ ቦዊን፣ በ1984 የማዶናን አልበም ሠራ። ከዛ በ2013 በዳፍት ፓንክ ዘፈን ላይ ያው የድሮ ጊታሩ ዓለምን አስጨፈረ። ስልሳን አልፎ ማለት ነው።

ስለ ወረቀት አጭር ልበል። ዜማው የማን እንደሆነ፣ ድርሻው በመቶ ስንት እንደሆነ በዛው ቀን ጽፋችሁ ፈርሙ። እኔ አንድ ዘፈን ላይ ሙሉ ዜማዬን ለሌላ ሰው ስም አስረክቤያለሁ፤ «በኋላ እናስተካክላለን» ተብዬ። ዘፈኑ ዛሬም በየሠርጉ ይዘፈናል፣ ከሱ አንድ ሳንቲም አላገኘሁም። የሚያንገበግበኝ ከብሩ ይልቅ ስሜ ነው። ዕድሜ ላይ ስትደርስ የሚያኖርህ የድሮ ሥራህ ስለሆነ ይሄን በዋዛ አትየው።

አሁን ካሉህ ቢቶች መሀል አንዱን ምረጥ። ከበሮውን አጥፋ፣ አዝማቹን በአንድ መሣሪያ ብቻ ዘምረውና በስልክህ ቅዳው። ድምፅህ ባያምርም ግድ የለም። እዚሁ ለጥፈው፣ ቁጭ ብዬ እሰማልሃለሁ።