«ጉልበትሽን ጨረስሽው» እያሉኝ ነው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 39 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ሱሉልታ ነው። በሳምንት አራት ቀን ንጋት ላይ መሮጥ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ እሁድ እሁድ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ እሮጣለሁ። ሰሞኑን ቁልቁለት ስወርድ ጉልበቴን ስላመመኝ ኤም አር አይ ተነሣሁ። ውጤቱ «ከጉልበት ሎሚ ስር ያለው ልም አጥንት በመጠኑ ሳስቷል» ይላል። ሐኪሙ ቸኩሎ ስለነበር ብዙም አላስረዳኝም። አማቴ «አልነገርኩሽም? ጉልበትሽን ጨረስሽው» አሉኝ። ጠዋት ጠዋት ፊልሙን መስኮት ላይ ይዤ አየዋለሁ፣ ምንም አይገባኝም። ላቁም ወይ?

መልስ፦ እህቴ፣ አታቁሚ። አሯሯጥሽን ግን ቀይሪ።

ዶሮ ስትበልቺ መገጣጠሚያው ላይ የምታይው ነጭ፣ የሚያብለጨልጭ፣ የሚያንሸራትት ነገር አለ አይደል? ልም አጥንት ማለት እሱ ነው። የደም ሥር የለውም፣ ነርቭም የለውም። ምግቡን የሚያገኘው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው፤ ስትረግጪ ይጨመቃል፣ እግርሽን ስታነሺ ፈሳሹን መልሶ ይመጥጣል፣ ልክ እንደ ዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ። ስለዚህ ጨርሶ ሥራ ከፈታ ይራባል። ከረጅም ሩጫ በኋላ ወዲያው ኤም አር አይ ብትነሺ ትንሽ ሳስቶ ይታያል፤ ካረፍሽ በኋላ ይመለሳል።

በጣም የምወደውን ጥናት ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ2009 ሯጮች ከጣሊያኗ ባሪ ተነስተው ኖርዌይ ጫፍ ድረስ በ64 ቀን 4,487 ኪሎ ሜትር ሮጡ። የጀርመን ሐኪሞች ኤም አር አይ በከባድ መኪና ጭነው አብረዋቸው ተጓዙ፤ በየመንገዱ የሯጮቹን እግር በመሣሪያው ፎቶ እያነሱ። በመጀመሪያዎቹ ከ1,500 እስከ 2,500 ኪሎ ሜትር የጉልበትም የቁርጭምጭሚትም ልም አጥንት ተጎድቶ ታየ። ከዚያ በኋላ ግን ሰዎቹ ሩጫቸውን ሳያቆሙ የቁርጭምጭሚታቸውና የተረከዛቸው አካባቢ ልም አጥንት ማገገም ጀመረ! እኔ ተማሪ ሳለሁ ልም አጥንት አንዴ ከተጎዳ አበቃለት እየተባልኩ ነው ያደግኩት። በዚያ ጥናት የሎሚው መገጣጠሚያ ከሌሎቹ የተሻለ ነበር።

ለንደን ላይ የተሠራ ሌላ ጥናት ውጤት ግን ያንቺን ይመስላል፣ አልደብቅሽም። 82 ጀማሪዎች ለማራቶን ከመዘጋጀታቸው በፊትና ከማራቶኑ በኋላ ኤም አር አይ ተነሱ። የጭንና የቅልጥም አጥንታቸው ላይ የነበረው ጉዳት ቀንሶ ተገኘ፤ ከሎሚው ስር ያለው ልም አጥንት ግን የባሰባቸው ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ2017 የብዙ ጥናቶችን ውጤት ያጠቃለለ ሥራ ደግሞ የጉልበትና የዳሌ መገጣጠሚያ መበላት ለጤናቸው ብለው በሚሮጡት ላይ 3.5 በመቶ፣ በማይሮጡት ላይ 10.2 በመቶ፣ ለውድድር በሚሮጡት ላይ 13.3 በመቶ ሆኖ አግኝቶታል። አንቺ የመጀመሪያዎቹ ጋ ነሽ።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ። ከእንጦጦ ወደ ሱሉልታ ያለውን አስፋልት እየሮጥሽ የምትወርጂ ከሆነ፣ ጭንሽ ሰውነትሽን ለመያዝ ሲታገል ሎሚውን ወደ ውስጥ ይጫነዋል። ሕመሙ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ለሁለት ወር ቁልቁለቱን ሳትሮጪ በእርምጃ ውረጂ። ሩጫውን ሜዳው ላይ፣ ሳሩ ላይ አድርጊው፣ የእሁዱንም ወደ 10 ኪሎ ሜትር አውርጂው። በሳምንት ሦስት ቀን ደግሞ ጭንሽን አጠንክሪ፤ ወንበር ላይ ቀስ ብሎ ቁጭ ብድግ ማለት ይበቃል፣ ሳያምሽ በምትችይው ልክ። ጉልበትሽ ካበጠ፣ አልታጠፍ ካለ ወይም ከከዳሽ ግን ሳትውይ ሳታድሪ ወደ ሐኪም፣ በዚህ ጊዜ የማይቸኩል ፈልጊ።

ፊልሙንም ከመስኮቱ አንሺው። የአንድ ቀን ፎቶ ነው።

አማትሽ እንዲህ የሚሉሽ ምናልባት እሳቸውንም ጉልበታቸውን እያመማቸው ይሆናል። ቀስ ብለሽ ጠይቂያቸው። እሳቸውም ቁጭ ብለው ከዋሉ ልም አጥንታቸው ይራባል፤ ማታ ማታ ይዘሻቸው ወጣ በይ፣ ሃያ ደቂቃ፣ ደልዳላ መንገድ ላይ።