የትንንሽ ልጆች ፈተና ያስጨነቃችሁ ወላጆች ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል 14 ዓመት አስተምሬያለሁ፣ የራሴም ልጆች አሉኝ፣ ፈተና አውጪም ተጨናቂ ወላጅም ሆኜ አይቼዋለሁ። ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ልጄ 6 ዓመቷ ነው፣ ፈተና ያለ ቀን ጠዋት ሆዴን አመመኝ ትላለች፣ ካስቀረኋት ግን ወዲያው ትጫወታለች። እያታለለችኝ ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ፣ ጭንቀት ሆድን የእውነት ያማል፣ ትልቅ ሰውስ ኢንተርቪው ሲኖረው ሽንት ቤት ይመላለስ የለ። ግን አታስቀሪያት፣ መቅረት ሆዷን ካሻላት በሚቀጥለው ይብስባታል። "አውቃለሁ ያማል፣ ቢሆንም እንሄዳለን" በያትና ይዘሻት ሂጂ። ቅዳሜና እሁድም ካመማት፣ ሌሊት ከእንቅልፍ ከቀሰቀሳት ወይ ከከሳች ግን ጭንቀት ነው ብለሽ እንዳታልፊው፣ ሐኪም ይያት።

ጥያቄ፦ ቲቸር የኔ ልጅ ሒሳብ ከ20 9 አመጣ፣ አባቱ ሰነፍ ነው ብሎ ተቆጥቷል፣ አስጠኚ እንቅጠር?

መልስ፦ መጀመሪያ ወረቀቱን እዩት፣ ማርኩን እርሱት ለጊዜው። አንድ ተማሪ ነበረኝ መቀነስ ላይ በሙሉ የሚሳሳት፣ 42 ሲቀነስ 17 ስለው 35 ይለኛል፣ ግራ ገብቶኝ ቁጭ ብዬ ሳየው ለካ ሁሌ ከሁለቱ ቁጥር ትንሹን ከትልቁ ነው የሚቀንሰው፣ ከ7 ላይ 2፣ ከ4 ላይ 1። መበደር የሚባለው አልገባውም እንጂ ሥራውን በሥርዓት ነው የሚሠራው። አንድ ስህተት 11 ጊዜ ተደግሞ 11 ማርክ ይበላል፣ ይሄ ስንፍና ነው? መጨረሻ ገጽ ባዶ ከሆነ ደግሞ ወይ ሰዓት አልቆበታል ወይ ወረቀቱን አልገለበጠም (ስንቱ እንደማይገለብጥ ብታዩ!)። ከሰሌዳ ሲገለብጥ ቁጥር ከተሳሳተ ዓይኑን አስመርምሩት። እና አስጠኚ ከመቅጠራችሁ በፊት አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ "ይሄን እንዴት ሠራኸው?" በሉት፣ ሳትቆጡ ግን፣ ከተቆጣችሁማ አይነግራችሁም።

ጥያቄ፦ ከክፍሏ 31ኛ ወጣች፣ አፈርኩ።

መልስ፦ በማን አፈርሽ? አንደኛ ክፍል ውስጥ ገና 7 የሞላትና 8 ልትሞላ ትንሽ የቀራት አብረው ይቀመጣሉ፣ በዚህ ዕድሜ አንድ ዓመት ብዙ ነው፣ ትንንሾቹ በአማካይ ዝቅ ይላሉ፣ ከፍ ሲሉ ልዩነቱ እየጠበበ ይሄዳል። ሲንጋፖር እንኳን፣ ያቺ በፈተና የምትታወቀው፣ በ2019 ከአንደኛና ሁለተኛ ክፍል ማርክ የሚያዝበትን ፈተና አስቀርታለች፣ ቻይናም በ2021 እነዚሁ ክፍሎች ላይ የጽሑፍ ፈተና ከልክላለች። ስንተኛ ወጣሽ ከምትያት ባለፈው ወር የማትችለው ከነበረው አሁን ምን ቻለች ብለሽ እይ፣ ያኔ የምታወሪው ነገር ታገኛለሽ።

ጥያቄ፦ 90 ካመጣህ ሳይክል ብዬዋለሁ፣ አጠፋሁ?

መልስ፦ ቃል ገብተህ የለ፣ ካመጣ ግዛ። ሁለተኛ ግን አትድገመው፣ በ89 የሚያለቅስ ልጅ ታተርፋለህ።

ጥያቄ፦ ለፈተና ማታ እስከ ስንት ሰዓት ላስጠናው? 8 ዓመቱ ነው።

መልስ፦ ማታ ተኛ በለው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ9 እስከ 12 ሰዓት የሚሆን እንቅልፍ ያስፈልገዋል፣ እንቅልፍ ያጣ ልጅ የሚያውቀውንም ይረሳል። በየቀኑ 15 ደቂቃ ይበቃል፣ እሱም ደብተር እያስነበቡ አይደለም፣ ደብተሩን ዘግተህ ጠይቀው። ደጋግሞ ሲያነብ ያወቀው ይመስለዋል፣ ተዘግቶ ሲጠየቅ ነው የሚለየው። አንዳንዴ ደግሞ እሱ አስተማሪ ይሁን አንተ ተማሪ፣ እያወቅክ ተሳሳት፣ ሲያርምህ ደስታውን አትጠይቀኝ።

ጥያቄ፦ እኔ ከልጄ በላይ እጨነቃለሁ፣ ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እኔንም አልማረኝም፣ የገዛ ልጄ እኔ ራሴ ያወጣሁትን ፈተና ወድቆ ያውቃል፣ ያን ቀን ቤት ገብቼ ያኮረፍኩት እኔ ነኝ እሱ ኳሱን ይዞ ወጥቷል። አሁን የማደርገው አንድ ነገር ነው፣ ስቀበለው ስለ ፈተናው አላነሳም፣ ራት ከበላ በኋላ ራሱ ያወራኛል። አንዳንዴ አያወራም፣ ያኔ ነገ ወረቀቱን አያለሁ።

የቀሩትን ጥያቄዎች ነገ እመልሳለሁ፣ የማርመው ደብተር ተቆልሎ እየጠበቀኝ ነው።