አባቴ ስንት ዓመት ይኖራሉ?

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከፍኖተ ሰላም ነው። አባቴ 62 ዓመታቸው ነው። ዳገት ሲወጡ ደረታቸውን ጭንቅ እያደረጋቸው ባሕር ዳር ወስደን አስመረመርናቸው፤ የልብ ደም ስራቸው ጠቧል ተባልን። መድኃኒት ጀምረዋል። እንዳይደነግጡ ብለን ግን «ጨጓራ ነው» አልናቸው። ስንት ዓመት ይኖራሉ? እውነቱን ንገሩኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ቁጥር የሚነግርሽ ሰው ቢመጣ አትመኚው። በዚህ ሕመም መድኃኒታቸውን እየዋጡ አሥርም ሃያም ዓመት የኖሩ ብዙ ናቸው፤ ቶሎ የሚሞቱም አሉ። ከሁሉ በላይ የሚወስነው የልብ ጡንቻቸው ጉልበት ነው። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ተሠርቶላቸው ከሆነ ወረቀቱ ላይ «EF» ተብሎ በመቶኛ የተጻፈ ቁጥር አለ። ከ50 በላይ ከሆነ ደስ ይበልሽ፣ ከ40 በታች ከሆነ ልባቸው ተዳክሟልና ክትትሉ ይጥበቅ። ስንት ደም ስር እንደጠበበ፣ ስኳርና ግፊት መኖሩም ይታያል። የሚያጨሱ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ያቁሙ፤ ይህ ሕመም ይዞት ሲጋራ ያቆመ ሰው፣ ካላቆመው ይልቅ የመሞት አደጋው በሲሶ ገደማ ይቀንሳል።

እኔን በጣም ያሳሰበኝ ግን «ጨጓራ ነው» ማለታችሁ ነው። ከፍቅር እንደሆነ ይገባኛል፣ ብዙ ቤት ይደረጋል። ግን ጨጓራ ነው የተባለ ሰው ትንሽ ሲሻለው እንክብሉን ይተዋል፤ ደረቱን ሲጨንቀው ደግሞ ተልባ ጠጥቶ ይተኛል፣ ሕይወቱን ሊያተርፍ ይችል የነበረው ሰዓት እዚያው ተኝቶ ያመልጠዋል። ለዚህ ሕመም አስፒሪንና አቶርቫስታቲን (የኮሌስትሮል መድኃኒት) የሚሰጡት ሕመም ለማስታገስ አይደለም። ደም ስሩ ውስጥ የተጋገረው ስብ እንዳይሰነጠቅና ደም እንዳይረጋበት ነው፣ ስለዚህ ደህና ሆነውም ይዋጣሉ። እንደ ሜቶፕሮሎል ያለውን የልብ ምት የሚያረጋጋ መድኃኒትማ ድንገት ማቆም ራሱ አደጋ አለው። ፆም ሲገባ የመዋጫውን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር አስተካክሉ። ጠበልም ይጠመቁ፣ መድኃኒቱ ብቻ አይቋረጥ። ጨውና ቅቤ ይቀንሱ፣ አረቄውም ይቅርባቸው።

እና እባክሽ ንገሪያቸው። ብቻሽን ከከበደሽ በቀጠሯቸው ቀን ሐኪሙ አንቺ ባለሽበት ያስረዳቸው። ቁጭ ባሉበት ደረታቸውን ከጨነቃቸው፣ ላብ ካጠመቃቸው ወይም ሕመሙ ወደ ግራ እጃቸው ወይም ወደ መንጋጋቸው ከሄደ፣ እስኪነጋ ሳትጠብቁ በተገኘው መኪና ሆስፒታል አድርሷቸው።