1976 በማን አቆጣጠር?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጆቹ፣ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። እንዲሁ ዘሬን ልወቅ ብዬ የዲኤንኤ ኪት አዝዤ ምራቄን ላኩና ውጤቱ ሲመጣ ስዊድን ካለች ሴት ጋር 24 ፐርሰንት ትዛመጃለሽ፣ የአባት ወይ የእናት ልጅ ልትሆን ትችላለች ይላል። ስንፃፃፍ በህፃንነቷ ከወሎ በማደጎ የሄደች ናት፣ ማርች 1976 ተወለድኩ አለችኝ። አባቴ ነፍሱን ይማረውና በእድገት በህብረት ወሎ ዘምቷል፣ ግን እማዬን ያገባት ጥር 1974 ነው፣ አልበሙ ላይ ተፅፏል። በእናቴ ላይ ወልዶ ነበር ማለት ነው? ለልጅቷ መልስ መፃፍ አቅቶኛል፣ እማዬስ እንዴት ይነገራታል?

መልስ፦ እህቴ ዘመኑ ተምታቶብሻል። ማርች 1976 የፈረንጅ ነው፣ በኛ ሲመለስ የካቲት ወይ መጋቢት 1968 ነው የሚሆነው፣ የአልበሙ 1974 ደግሞ የኛ ነው፣ ስለዚህ ልጅቷ የተወለደችው ከሰርጉ ስድስት አመት ገደማ ቀድማ ነው! ለማንኛውም ስዊድን መቼ እንደገባች ጠይቂያት፣ ወረቀት ሲተረጎም አመቱ ሳይቀየር የሚገለበጥበት ጊዜ አለና፣ በነሱ 1977 ወይ 78 ካለችሽ ግን ጥርጣሬ የለውም። ዘመቻው የተጀመረው ታህሳስ 1967 ነው፣ ከልደቷ ዘጠኝ ወር ወደ ኋላ ብትቆጥሪ ሰኔ 1967 ላይ ይወድቃል፣ አባትሽ ወሎ እያለ ማለት ነው። ያኔ ከዘመቱት ብዙዎቹ ገና ተማሪዎች ነበሩ፣ ልጅ መወለዷን ጭራሽ ሳይሰማ ተመልሶም ይሆናል።

24 ፐርሰንት ብቻውን ግን እህት ናት አያሰኝም፣ አክስትም ያን ያህል ትጋራለች። ሁለታችሁም ሴት መሆናችሁ እዚህ ላይ ይጠቅማል፣ አባት ያለው አንድ ኤክስ ክሮሞዞም ስለሆነ ለሴት ልጆቹ በሙሉ ያንኑ ነው የሚሰጠው፣ ሳይቱ ኤክስን የሚያወዳድር ከሆነ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከገጠመ የአባት ልጆች ናችሁ።

እማዬን በስልክ እንዳትነግሪያት፣ እባክሽ። ስትሄጂ አጠገቧ ቁጭ ብለሽ አልበሙን ገልጠሽ ከዘመቻው ጀምሪ፣ ምናልባት ከኔና ካንቺ በላይ ታውቅ ይሆናል። አብረውት የዘመቱ ጓደኞቹ ካሉም የትኛው ቀበሌ እንደነበሩ ጠይቂያቸው፣ የልጅቷን እናት ለማግኘት ከዛ የተሻለ መነሻ የለም።

ለልጅቷ ግን ዛሬውኑ ፃፊላት፣ ይቺ ሰው ዕድሜዋን ሙሉ የአባቷን መልክ አታውቅም። የዘመቻ ጊዜ ፎቶውን ላኪላት፣ ከስሩ የአያታችሁን፣ የቅድመ አያታችሁን፣ እስከምታውቂው ድረስ ቁጠሪላት።