የአባቴ ፎቶ ላይ ብርሃን ቢደረግበትስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የአባቴ አርባ እየደረሰ ነው። ወንድሜ ለተዝካሩ የሚቆመውን ፎቶ ፎቶ ቤት ወስዶ፣ በራሱ ዙሪያ እንደ ቅዱሳን ሥዕል ወርቃማ ክብ አሠራበት። «አባባ በተክሊል ያገባ ሰው ነው፤ አክሊል ደፍቷል እኮ!» ይላል። እኔን ግን ቅር አለኝ። ነገሩ እንዴት ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ የአባትሽን ነፍስ ይማር። ቅር ማለትሽ ትክክል ነው።

ወንድምሽ ሁለት ነገር ቀላቅሏል። ሁለቱንም «አክሊል» እያልን ስለምንጠራ አይፈረድበትም። አክሊል የሚደፋ ነው። ካህኑ በተክሊል ዕለት በሙሽሮች ራስ ላይ ይደፋዋል። ቅዱስ ጳውሎስም «የጽድቅ አክሊል ተዘጋጅቶልኛል» ሲል (2ጢሞ. 4፥8) ሩጫውን ለጨረሰ ሰው የሚሰጠውን ዋጋ መናገሩ ነው።

በሥዕል ላይ ያለው ክብ ግን አይደፋም፤ ብርሃን ነው። አክሊለ ብርሃን ወይም ጸዳል የምንለው እሱን ነው። የእመቤታችንን ሥዕል ልብ ብለሽ እዪ። አንዳንዱ ላይ ዘውድ ደፍታለች፤ ከዘውዱ በስተኋላ ደግሞ ብርሃኑ አለ።

ይህ ብርሃን የሰው የራሱ አይደለም። ነሐሴ 13 በምናከብረው በደብረ ታቦር የጌታ ፊት እንደ ፀሐይ ሲበራ፣ ያ የገዛ ክብሩ ነው። ሙሴ ግን ከሲና ሲወርድ ፊቱ ያበራው ከእግዚአብሔር ጋር ስለተነጋገረ ነው። ማብራቱንም እሱ ራሱ አላወቀም (ዘጸ. 34፥29)። የቅዱሳኑ ብርሃን እንደ ሙሴ ከጌታ የተቀበሉት ነው። በግሪኮች ሥዕል በጌታ ብርሃን ውስጥ መስቀል ይሣላል፤ በቅዱሳኑ ውስጥ አይሣልም።

በነገራችን ላይ፣ ጥንት ይህ ክብ ለነገሥታትም ይሣል ነበር። ጣሊያን፣ ራቬና ውስጥ በ6ኛው መቶ ዘመን በተሠራ ቤተ ክርስቲያን ንጉሡ ዮስጢንያኖስ ከነብርሃኑ ይታያል። ለሥልጣኑ ክብር ነው። ዛሬ ግን ምእመን ያንን ክብ ሲያይ «ቅዱስ ነው» ብሎ ነው የሚሳለመው።

የወንድምሽ ፎቶ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በአርባው ካህናቱ «ነፍሱን ማርልን» እያሉ ፍትሐት ያደርሱለታል። እነሱ ምሕረት እየለመኑለት ቤተሰቡ ፎቶው ላይ «ጸድቋል» ብሎ ከጨረሰ፣ ጸሎቱ ለምን አስፈለገ? አባትሽ ደግ ሰው አልነበረም ማለቴ አይደለም። ግን «ይህ ቅዱስ ነው» ብላ የምታውጀው ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ልጆቹ ወይም ፎቶ ቤቱ አይደሉም።

ስለዚህ ብርሃን የሌለበትን ፎቶ አሳትሙ። ከሥዕለ አድኅኖ ጎን አታቁሙት፤ ለብቻው ይሁን። ወንድምሽን ደግሞ ለቀስተኛ ፊት እንዳትናገሪው። አባቱን ወዶ ያደረገው ነውና ለብቻው ያዝ አድርገሽ አስረጂው። እንቢ ካለሽ የንስሐ አባታችሁን ጥሪ፤ እሳቸውን ይሰማል።